ወኔና ቀልብ፤ የማራቶን ሯጭ ልቡና ታሪክ

ስለ ማራቶን ሩጫ በአማርኛ ሲጻፍም ሆነ ሲነገር አንድ ቃል ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ እርሱም ወኔ የሚለው ነው። ያሸነፈው በወኔ አሸነፈ ይባላል፤ የተሸነፈው ወኔ ከዳው ይባላል፤ አቋርጦ የወጣውማ ስሙ ባይነሣ ይመረጣል። እግርና ሳንባ የሐኪሞች ጉዳይ ሆነው ሲቀሩ፣ የሯጩ ልቡና በዚህ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። አማርኛችን ከወኔ ሌላ ቀልብ የሚል ቃል አለው። ወኔ ሰውን ወደ ፊት የሚገፋ ትኩሳት ነው፤ ቀልብ ግን የተሰበሰበ፣ የሚያይና የሚመዝን ልቡና ነው። የማራቶንን ታሪክ በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው፣ ረጅሙን መንገድ በሚገባ የሮጡት ሰዎች ከወኔያቸው ይልቅ ቀልባቸው እንደ ረዳቸው ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ወኔን ብቻ የማመስገን ልማድ በአንዳንድ ሯጮች ላይ ያደረሰውንም ጉዳት ወደ ኋላ አነሣለሁ። የዘመን አቆጣጠሩ፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ነው።

የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን በ1896 በአቴና ተሮጠ። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከውጭ አገር መጥተው ከተሰለፉት አራት ሰዎች መካከል ሦስቱ፣ ማለት የአውስትራሊያው ፍላክ፣ የአሜሪካው ብሌክና የፈረንሳዩ ሌርሙዚዮ፣ በዚያው ሰሞን በ1500 ሜትር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትለው የወጡ ነበሩ። እግራቸውም ልባቸውም የለመደው አጭሩን መንገድ ነውና ረጅሙንም በዚያው ስሜት ጀመሩት። ከሦስቱ አንድም አልጨረሰም። ውሃ በማመላለስ ይተዳደር የነበረው ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ ግን መጀመሪያ ኋላ ቆይቶ፣ ቀዳሚዎቹ እየደከሙ ሲሄዱ አንድ በአንድ አለፋቸውና በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ፈጸመ። እነዚያ ሦስት ሰዎች ወኔ አንሶአቸው ነበር የሚል ማንም የለም። ያነሳቸው ልክን ማወቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ዓለም ከዚህ የተማረው ጥቂት ነው። በ1908 በሎንዶን፣ ዛሬ የምናውቀው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሮጠ ዕለት፣ ጣልያናዊው ዶራንዶ ፒየትሪ እየመራ ወደ ስታዲየሙ ከገባ በኋላ አቅጣጫው ጠፍቶት በተሳሳተ በኩል ዞረ፤ ደጋግሞም ወደቀ። ሰዎች ደግፈው መስመሩን ስላሳለፉት ድሉ ተሰረዘና ለአሜሪካዊው ለጆኒ ሄይስ ተሰጠ። ንግሥት አሌክሳንድራ ግን ለፒየትሪ ጽዋ ሸለሙት። ከዚያ ወዲህ በየጋዜጣውና በየመጽሐፉ የገነነው የፒየትሪ ስም ነው፤ ጉልበቱን መድቦ በራሱ እግር የጨረሰውን የሄይስን ስም የሚያስታውሰው የታሪክ ተማሪ ብቻ ሆኖአል። የሚወድቀውን ሰው ከሚመዝነው አብልጦ ማድነቅ፣ ቢያንስ በማራቶን፣ የተጀመረው እዚያ ነው እላለሁ።

የእንግሊዙ ጂም ፒተርስ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ፒተርስ በዘመኑ የርቀቱን ምርጥ ሰዓት ደጋግሞ ያሻሻለ ሯጭ ነበር። በ1954 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ፣ በከባድ ሙቀት፣ ከተከታዩ 17 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ወደ ስታዲየሙ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን ይወድቅ፣ ይነሣ፣ ደግሞም ይወድቅ ጀመር፤ ሳይጨርስም በቃሬዛ ተወሰደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተወዳደረም። 17 ደቂቃ የቀደመ ሰው በመንገዱ ላይ ጥቂት ፍጥነቱን ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ድሉ የእርሱ ነበር። ወኔው ሳይጐድል፣ ወኔው ራሱ ጣለው።

ይኸው ፒተርስ ከሁለት ዓመት በፊት በሔልሲንኪ ኦሊምፒክ የተሻለ ትምህርት አጠገቡ ሲሮጥ አይቶ ነበር። የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በዚያ ሰሞን 5,000ና 10,000 ሜትር አሸንፎ፣ በሕይወቱ ሮጦት ወደማያውቀው ወደ ማራቶን ተሰለፈ። የርቀቱን ልክ ስለማያውቅ አንድ ብልሃት ነበረው፤ የሚያውቀውን ሰው መጠጋት። በመንገድ ላይ ወደ ፒተርስ ቀርቦ ፍጥነቱ ደኅና እንደ ሆነ ጠየቀው። ፒተርስ፣ ምናልባት ሊያደክመው አስቦ፣ ፍጥነቱ ቀርፋፋ ነው አለው። ዛቶፔክ ቃሉን ተቀብሎ ፈጠነ፤ ፒተርስ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ እግሩ ተሸማቆ ወጣ፤ ዛቶፔክ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሴኮንድ አሸነፈ። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀልድ ይተረካል። እኔ ግን ቁም ነገሩን የማየው በጥያቄው ላይ ነው። ዛቶፔክ በውድድር መካከል፣ በድካም ሰዓት፣ የማያውቀውን ነገር ለይቶ ማወቅና ለመጠየቅ አለማፈር ችሎአል።

አሁን ወደ ሮም እንምጣ። ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ ነበር። ከካፒቶሊን ኮረብታ ተነሥቶ፣ ጥንታዊውን የአፒያ መንገድ ይዞ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የሚያልቅ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የተሮጠው በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን ነው። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ስለ መሮጡ ያልተጻፈ ነገር የለምና እኔ አልደግመውም። ያገኘው አዲስ ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ልማዱ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። የባዶ እግሩ ወሬ ግን ጉዳት አለው፤ የውጭ አገር ጸሐፊዎች አበበን ከተፈጥሮ በቀጥታ እንደ መጣ፣ ሳያስብ እንደሚሮጥ ሰው እንዲሥሉት በር ከፈተላቸው። በዚያ ማታ የሠራውን ስንመረምር ግን ፍጹም የተለየ ሰው እናገኛለን።

አሠልጣኙ ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ሊጠነቀቃቸው ከሚገቡት ተወዳዳሪዎች አንዱ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እንደ ሆነ፣ የሚለብሰውም ቁጥር 26 እንደሚሆን ነግረውት ነበር። ራዲ ግን ከ10,000 ሜትር ውድድር የቀረውን 185 ቁጥር ለብሶ ተሰለፈ። አበበ ይህን አላወቀም። 26 ቁጥርን እየፈለገ ከመካከል ወደ ፊት ወጣ፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ፤ በመጨረሻም አጠገቡ የቀረው 185 ቁጥር ብቻ ሆነ። አበበ አጠገቡ ያለው ሰው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ፣ 26 ቁጥር ገና ከፊቱ ያለ እየመሰለው፣ ትከሻ ለትከሻ ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጠ።

ይህን ጉዳይ ብዙዎች እንደ አስቂኝ አጋጣሚ ብቻ ያልፉታል። እኔ ግን የዚያን ማታ ውድድር ቁልፍ አድርጌ እመለከተዋለሁ። አስቀድሞ የተመደበ ሐሳብ በሯጩ ላይ ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚያሳይ ነውና። አጠገቡ ካለው ሰው ጋር እልህ የተጋባ ሯጭ፣ ያ ሰው ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይም ይዘገያል፤ ፍጥነቱን የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። የአበበ ሐሳብ ግን የሚሮጠው እዚያ ከሌለ ሰው ጋር ነበር። ስለዚህ 185 ቁጥር አላስቈጣውም፣ አላስፈራውም፣ አላዘናጋውም። ቁጥሩ ስሕተት ነበር፤ ቀልቡ ግን አልተበተነም።

ሁለተኛው ነገር የአክሱም ሐውልት ነው። ሙሶሊኒ በ1937 ወደ ሮም አስወስዶ ያቆመው፣ በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው ሐውልት ማለቴ ነው። መንገዱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ በሐውልቱ አጠገብ ያልፍ ነበር። አበበና አሠልጣኙ መንገዱን ቀደም ብለው አይተው፣ ከዚያ ገደማ ተፈትልኮ ለመውጣት መክረው ነበር። አበበም እንደ ተመከረው አደረገ፤ ራዲን በ25 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ጨረሰ፤ ይህም ከዛቶፔክ የኦሊምፒክ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። የተዘረፈውን ሐውልት ሲያይ ደሙ ፈላ የሚለው ትረካ ለሁላችንም ጣፋጭ ነው፤ አይሆንም ብዬም አልከራከርም፤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ በዚያ በኩል ያለ ስሜት የሚያልፍ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን የፈላ ደም ከ10 ኪሎ ሜትር በፊትም ሊፈላ ይችላል። እስከዚያች ሥፍራ ድረስ ጉልበቱን ከራሱ ደብቆ ማቆየት ሌላ ችሎታ ነው። አበበ ምልክቱን ቀን አይቶ መረጠው፤ ማታ በድካም ሰዓት፣ የሰው አእምሮ አዲስ ነገር ለመወሰን በማይመቸው ጊዜ፣ እንደ ገና መወሰን አላስፈለገውም።

አበበ ራሱ ይህን ሚዛን ያጣበት ቀን አለ። በ1963 በቦስተን እርሱና ማሞ ወልዴ ከጅምሩ ሌሎቹን ትተው በሪኮርድ ፍጥነት ሮጡ፤ የከተማይቱ ኮረብቶችና ቀዝቃዛው ነፋስ ሲመጡ ሁለቱም ደከሙ፤ አበበ አምስተኛ ወጣ። በሮም ያሸነፈው ወኔ በቦስተንም አብሮት ነበር። ይህን ማስታወስ ስሙን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም የሮሙ ሥራ በተፈጥሮ ብቻ የሚመጣ እንዳልነበረ ያስረዳናል።

ሊቃውንት ስለዚህ ጉዳይ ያደረጉት ምርምር ከማራቶን ይቀድማል። በቱሪን ከተማ ያስተምሩ የነበሩት አንጄሎ ሞሶ በ1891 ስለ ድካም ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቀላል ሙከራ ይተርካሉ። የጣትን ጡንቻ ሥራ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተው፣ ባልደረባቸውን ተማሪዎችን በቃል ከመፈተኑ በፊትና ከፈተነ በኋላ መረመሩት። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥያቄ ሲጠይቅ የዋለው መምህር ጣቱ ደክሞ ተገኘ። (መምህሮቻችን ይህን ቢያነቡ፣ የተፈታኙ ጣት እንዴት እንደ ዋለ ማን መረመረ ብለን እንጠይቃቸዋለን።) የሞሶ መደምደሚያ፣ ድካም የሚባለው ነገር በጡንቻ ብቻ ሳይሆን በአንጎልም እንደሚጀምር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያዩት ጡንቻን ነው። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። የስዊድን ተመራማሪዎች በ1967 እንዳሳዩት፣ በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን የተባለው ስኳር ሲያልቅ ሰው ሥራውን በዚያው ኀይል መቀጠል ያቅተዋል። የማራቶን ሯጮች ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ግድግዳ ገጠመን የሚሉት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በሐሳብ ነው የሚለው አባባል ከእውነት የራቀ ነው፤ የተራበን ጡንቻ በምክር አይመግቡትም። የእንግሊዙ ሊቅ አርኪባልድ ሂል ግን ገና በ1920ዎቹ፣ ልብ ከመጐዳቱ በፊት ሰውነትን የሚገታ አንድ ተቈጣጣሪ ሳይኖር አይቀርም ብለው ገምተው ነበር። ሐሳቡ ተረስቶ ቆየ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደቡብ አፍሪካዊው ቲም ኖክስ እንደ ገና አንሥተው፣ ድካም አንጎል ሰውነቱን ለመጠበቅ የሚፈጥረው ስሜት ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ብዙ ተቃዋሚ አግኝቶአል። ተቃዋሚዎቻቸውም እንኳ ቢሆኑ ግን ሰው ሲቆም ጉልበቱ ተሟጦ አልቆ ነው የሚለውን የድሮውን አነጋገር በቀላሉ አይደግሙትም።

ሞሶን የሚያስታውሰን አንድ ሙከራ በ2009 ታተመ። ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቻቸው 16 ሰዎችን ለ90 ደቂቃ አእምሮን የሚያደክም ሥራ አሠሩአቸው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ለዚያው ያህል ጊዜ ሳያስቡ የሚያዩት ፊልም አሳዩአቸው፤ ከዚያም እስኪደክማቸው ብስክሌት አስነዱአቸው። ፊልም ያዩ ቀን በአማካይ 754 ሴኮንድ ነዱ፤ አእምሮአቸው የደከመ ቀን ግን 640። ልባቸውና ሳንባቸው በሁለቱም ቀን እኩል ሠርቶአል። ልዩነቱ፣ ሥራው የከበደ ሆኖ የተሰማቸው መሆኑ ብቻ ነው። ከዚህ ሙከራ የምረዳው፣ ሯጭ ከውድድር በፊት በነበሩት ቀኖች የሚያስጨንቀው ነገር ሁሉ፣ የቤት ጉዳይ፣ የአለቃ ቁጣ፣ የሕዝብ ተስፋ፣ በመንገድ ላይ እንደ ሸክም ሊከተለው እንደሚችል ነው። ወደ ቶኪዮ ስንደርስ ይህን ማስታወስ ያስፈልገናል።

ሌላው ደግሞ ቀልብ የት ይዋል የሚለው ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሞርጋን በ1977 ከባልደረባቸው ከፖሎክ ጋር ባወጡት ጥናት፣ ተራ ሯጮች ሥቃዩን ለመርሳት ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር እንደሚያሸሹ፣ ታላላቆቹ ግን በተቃራኒው እስትንፋሳቸውን፣ እግራቸውንና የጡንቻቸውን መጨበጥ ሳያቋርጡ እንደሚከታተሉ ገለጡ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን ክፍፍል አለዝበውታል፤ ማንም ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አያስብም። የነገሩ መሠረት ግን አልፈረሰም። ሥቃዩን የሚሸሸው ሰው ሥቃዩ የሚነግረውን ወሬም አብሮ ይሸሻል።

ይህን ሁሉ በአገራችን ያሉ ሯጮች ከመጽሐፍ አልተማሩትም። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ማይክል ክሮውሊ 15 ወር ያህል ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር አብረው እየሮጡ ቆይተው በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእንጦጦ ጫካ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ ያዩትን ጽፈዋል። ሯጮቹ በተርታ ሆነው፣ አንዱ የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ ኮቴ ከኮቴ ገጥሞ ይሮጣሉ። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ነው የሚሮጠው ይላሉ፤ ሊለወጥ የሚፈልግ ከሰው ጋር መሮጥ አለበት። ፊተኛው ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ የተከተሉት ደግሞ ያን ጊዜ ሐሳባቸውን ያሳርፋሉ፤ በሌላ ቀን ተራው ይለወጣል። ልምምዱ ከሚበረታበት ቀን ይልቅ ቀስ ብሎ የሚሮጥበት ቀን ይበዛል፤ በዚያ ቀን የሚቻኮል ሰው ይገሠጻል። ወጣት ሯጭ ከሁሉ በፊት የሚማረው ራሱን መግታት ነው። ይህ ደግሞ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ስለ ኢትዮጵያ ሯጭ ከሚወራው፣ ማለት ከድህነት ሸሽቶ ያለ ልክ ከሚሮጥ ወጣት ተረት፣ ምን ያህል የራቀ ነው!

በልቡና ስም የተሠራ አንድ በደልም መታለፍ የለበትም። ሴቶች ረጅሙን ርቀት አይችሉትም የሚለው አስተያየት ለብዙ ዘመን ሕግ ሆኖ ቆየ። በ1928 በአምስተርዳም 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ ደከሙ ተብሎ ርቀቱ እስከ 1960 ድረስ ከሴቶች ኦሊምፒክ ተሰረዘ። በ1967 በቦስተን ካትሪን ስዊትዘር ቁጥር ለጥፋ ስትሮጥ አንድ የውድድሩ ኀላፊ በጉልበት ሊያስወጣት ሞከረ። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ የገባው በ1984 ነው። ከዚያ 12 ዓመት በኋላ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ከተከታይዋ ሁለት ደቂቃ ቀድማ አሸነፈች። ወንዱ ሲወድቅ ጽዋ ተሸለመ፤ ሴቶቹ ሲደክሙ ርቀቱ ተሰረዘባቸው።

ወደ ቶኪዮ እንሂድ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። አበበ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ገና 40 ቀን እንኳ አልሞላውም ነበር። መጀመሪያ ላይ አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በኀይል ሲመራ አበበ አልተቻኮለም፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ፊት መጥቶ፣ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ብቻውን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨረሰ። መስመሩን እንዳለፈም ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ከአራት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ወደ ስታዲየሙ የገባው የአገሩ ልጅ ኮኪቺ ትሱቡራያ ነበር። ሰባ ሺሕ ያህል ሕዝብ እየጮኸለት ሳለ እንግሊዛዊው ባዝል ሂትሊ በመጨረሻው ዙር ቀደመው፤ ትሱቡራያ በሦስት ሴኮንድ ተኩል ልዩነት ሦስተኛ ሆነ።

የኦሊምፒክ ነሐስ ለማንኛውም ሯጭ ክብር ነው። ትሱቡራያ ግን በሕዝብ ፊት እንደ ተሸነፈ ሰው ቈጠረው። ወታደር ነበር፤ በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ይህን ለመካስ ቃል እንደ ገባ ሰው ራሱን አስገደደ። ሊያገባት ያሰባት ልጅ ነበረች፤ ጋብቻው ከልምምዱ ያዘናጋዋል ተብሎ ሳይፈጸም ቀረ። ወገቡ ታመመ፤ በቀዶ ጥገናም ታከመ፤ የድሮው ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ጃንዋሪ 9 ቀን 1968 በ27 ዓመቱ ራሱን ገደለ። በተወው ደብዳቤ ወላጆቹንና ወንድሞቹን ስላበሉት ምግብ አንድ በአንድ እያነሣ አመስግኖ፣ እጅግ ስለ ደከመው ከእንግዲህ መሮጥ እንደማይችል ገልጦአል። ሰውን ወደ እንዲህ ያለ ጥግ የሚያደርሰው ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ እኔም በአንድ ቃል ልፈታው አልደፍርም። ነገር ግን በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ከእርሱ የጠየቁት ተጨማሪ ወኔ እንደ ነበረ ግልጥ ነው። ወኔ ደግሞ ለእርሱ የጐደለው ነገር አልነበረም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሯጮቹ በሜክሲኮ ከተማ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰለፉ። አበበ የግራ እግሩን አጥንት ታምሞ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ። የሁለት ኦሊምፒክ ባለድል፣ መላ አገሩ በሬዲዮ ወሬውን እየጠበቀ፣ በመንገድ ዳር ቆመ። ሳይወጣ በፊት ውድድሩን ለማሞ ወልዴ አደራ እንዳለው ማሞ ራሱ ኋላ ተርኮአል። በዚያው ዕለት የታንዛኒያው ጆን እስቴፈን አክዋሪ ወድቆ ጉልበቱ ቈስሎ ሳለ፣ ጨርቅ ጠምጥሞ እያነከሰ፣ ካሸነፈው ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ስታዲየሙ ሊጨልም ሲል ገባ። የአክዋሪ ፊልም በዓለም ሁሉ ይታያል፤ መታየትም ይገባዋል። የአበበ መውጣት ግን የታላቅነቱ አሳዛኝ መጨረሻ ተብሎ ይጻፋል። ይህን ፍርድ አልቀበልም። የተሰበረ አጥንት የሚነግረውን መስማት፣ ከዚያም የቀረውን ተስፋ ለጓደኛ አሳልፎ መስጠት፣ በሮም ሐውልቱን የመረጠው ያው ልቡና የሠራው ሥራ ነው።

ማሞ አደራውን ተቀበለ። ከሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ ነበርና እግሩ አዲስ አልነበረም። በጥንቃቄ ተከትሎ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በፊት መሪነቱን ይዞ፣ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ ነው፤ የትሱቡራያ ጓደኛ፣ በቶኪዮም አብሮት የሮጠና ስምንተኛ የወጣ። ኪሚሃራ በሚሮጥበት ጊዜ አንገቱን ወደ አንድ ጐን አዘንብሎ፣ ፊቱን አጨማዶ ነበር፤ ላየው ሰው ሁልጊዜ አሁን ሊቆም የተቃረበ ይመስላል። ነገር ግን ከጀመራቸው ማራቶኖች አንዱንም አላቋረጠም። እንዴት እንደሚችል ሲጠየቅ የተናገረው ስለ ወኔ አልነበረም። ሲደክመው የቀረውን ኪሎ ሜትር አይቈጥርም፤ እስከዚያች ማዕዘን ልሂድ ይላል፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ እስከሚቀጥለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ።